በሰው ስም የሚቆጥሩ ሰዓቶች

በዕንቁ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ጓንዡ፣ አውሮፓውያን በቀድሞ መጻሕፍቶቻቸው ካንተን እያሉ የሚያነሷት ታላቂቱ የደቡብ ቻይና ከተማ፣ ከ1757 እስከ 1842 ድረስ (በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የምዕራብ መርከብ ሁሉ ከቻይና ጋር ይነግድ ዘንድ የተፈቀደለት ብቸኛ በር ነበረች። ሻይና ሐር ሊጭን የሚመጣው የእንግሊዝ ነጋዴ፣ ያመጣውን ሱፍ የሚፈልግለት ሰው ባጣ ጊዜ፣ የባለሥልጣናቱን ልብ የሚማርክ ሌላ ዕቃ ይዞ ለመቅረብ ተገደደ፤ ያም ዕቃ ሰዓት ነበር። የለንደኑ ጥበበኛ ጄምስ ኮክስ በዐሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ለዚሁ ገበያ ብሎ ያሠራቸው ሰዓቶች በወርቅና በከበረ ድንጋይ ያጌጡ፣ ዜማ የሚያሰሙ፣ በላያቸው የቆሙትም እንስሳት የሚንቀሳቀሱ ስለ ነበሩ፣ ባለቤቱ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ማየቱን እስኪረሳ ድረስ ተመልካችን ያስደንቁ ነበር። የጓንዡ ጥበበኞችም ከባሕር ማዶ የመጣውን እየፈቱና እየመረመሩ የራሳቸውን መሥራት ጀመሩ፤ ሥራቸውም ስላማረ የአገሩ ሹማምንት ለንጉሠ ነገሥቱ እጅ መንሻ ያደርጉት ነበር። ቤይጂንግ በሚገኘው በጥንቱ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ ከአውሮፓውያኑ ሰዓቶች ጎን ዛሬም ይታያል። እንግዲህ በዚህች ከተማ ሰዓት መቅዳት የቆየ ሙያ ነው፤ አዲስ የመጣው የሠሪውን ስም ጭምር መቅዳት ነው።

ወደዚያ የሄድሁት በመርካቶ ከሚነግድ አንድ ወዳጄ ጋር ነበር፤ እርሱ የሴት ልብስና የስልክ ዕቃ ሊያስጭን፣ እኔ አገር ላይ። የእኅቴ ልጅ ግን፣ ሠርጉ ቀርቦ ስለ ነበር፣ አገር አይቼ ብቻ እንዳልመለስ አደራ ጣለብኝ። «ጋሼ፣ አንድ ሮሌክስ ያምጡልኝ» አለኝ። የዚያን ሰዓት ዋጋ በወሬ አውቅ ነበርና ደንግጬ ቀና ብል፣ «እውነተኛውንማ ማን ይችለዋል! ጓንዡ የሚሸጠውን ነው እንጂ፤ ከሩቅ ለሚያይ ማን ይለየዋል?» ሲል አረጋጋኝ። ይህ «ከሩቅ ለሚያይ» የሚለው አነጋገሩ በአውሮፕላኑ ውስጥ ሌሊቱን ሁሉ ሲመላለስብኝ አደረ።

የሰዓቱ ገበያ የሚገኘው በአሮጌው የባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ዣንሺ በሚባለው ጎዳና ነው። አካባቢው ልብስ በጅምላ የሚሸጥባቸው ሕንጻዎች የተደረደሩበት በመሆኑ፣ በቢጫ ፕላስተር የተጠቀለለ ጥቅል በጋሪ የሚገፉ ወዛደሮች፣ ከአፍሪካ ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ነጋዴዎች፣ ደላሎችና አስተርጓሚዎች ከማለዳ ጀምረው ይተራመሱበታል። ወደ ሰዓቱ ሕንጻ ሲገቡ ግን ጫጫታው ይቀንስና ነገሩ ሁሉ ረቂቅ ይሆናል፤ አንዱ ሱቅ የሚሸጠው ማሰሪያ ብቻ ነው፤ አንዱ መስተዋት፣ አንዱ ባትሪ፣ አንዱ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጥርስና ሞላ፣ አንዱ ደግሞ ባዶ ሣጥን ብቻ። እኔ ከሁሉ ይልቅ የቆምሁት በባዶ ሣጥኑ ሱቅ ፊት ነው። ሣጥኑ አረንጓዴ፣ ውስጡ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰ፣ በክዳኑ ላይ የወርቅ ዘውድ የታተመበት ነው፤ ከጎኑ የዋስትና ካርድ፣ የመመሪያ መጽሐፍ፣ የሱቁ የወረቀት ከረጢት ሳይቀር ተዘጋጅቶ ለየብቻው ዋጋ ወጥቶለታል። ሰዓቱን ከአንዱ፣ ሣጥኑን ከሌላው፣ ምስክርነቱን ከሦስተኛው ገዝቶ መገጣጠም ይቻላል ማለት ነው። ለሐሰት የሚከፈለውን ድካም ሳይ፣ ከዚህ ሁሉ እውነት መናገር ሳይቀል አይቀርም ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

በመስተዋቱ ሥር ለሕዝብ የሚታዩት ሰዓቶች ስማቸው ያልታወቀ ናቸው። ቻይና የንግድ ምልክት ሕጓን በ1982 ያወጣች፣ በ2001 መጨረሻም የዓለም የንግድ ድርጅት አባል የሆነች አገር ናትና፣ የሌላውን ስም የተሸከመ ሰዓት በአደባባይ መዘርጋት እዚያም ቢሆን ያስቀጣል፤ ስለዚህ ሻጪቱ መጀመሪያ ስልኳን አውጥታ ሥዕል በሥዕል ላይ እያሳለፈች ታሳያለች፤ ገዢው ጣቱን ያሳረፈበትን አንድ ወጣት ከማይታወቅ ስፍራ በጥቁር ፌስታል ይዞት ይመጣል። ተቆጣጣሪ ይመጣል የተባለ ቀን ብዙው ሱቅ ሳይከፈት እንደሚውል ወዳጄ ነገረኝ።

ዋጋው የሚነገረው በአፍ አይደለም፤ ትልልቅ ቍልፍ ባላት የሒሳብ ማሽን ነው። ሻጪቱ «ማይ ፍሬንድ» ብላ ማሽኗን አዞረችልን፤ 900 ይላል። ወዳጄ ፊቱን ሳይለውጥ አጠፋውና 150 ብሎ መለሰላት። እርሷ እንደ ተሰደበች ሁሉ ደረቷን ይዛ ወደ ኋላ አለች፤ ይህም ከገበያው ሥርዓት አንዱ ክፍል ስለ ሆነ ከልብ የተቀየመ አልነበረም። «ይህ ሦስት ኤ ነው» አለች፤ በዚያ ገበያ ቅጂው በደረጃ ይከፈላልና፣ አንድ ኤ ያለው ተራ፣ ሦስት ኤ ያለው የተመረጠ መሆኑ ነው። የሐሰትም ማዕርግ አለው!

እነርሱ በቍጥር ሲነጋገሩ እኔ ሰዓቱን ወደ ብርሃን አስጠግቼ መረመርሁት። ከሩቅ ሲታይ ምንም የማይወጣለት ነው። ነገር ግን የሰከንድ ቆጣሪው በየሰከንዱ እየዘለለ ይቆም ነበር፤ ይህም ውስጡ ያለው በሞላ የሚሠራ ሳይሆን በባትሪ የሚሠራ ማሽን መሆኑን ያጋልጣል። በባትሪው ሰዓት ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ቍራጭ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፣ ማሽኑም ያን ሁሉ ንቅናቄ በሰከንድ አንድ እርምጃ አድርጎ ያወጣዋል፤ የሞላው ሰዓት ደግሞ፣ ዓይነቱ ዛሬ የተለመደው ከሆነ፣ በሰዓት 28,800 ጊዜ ማለት በሰከንድ ስምንት ጊዜ ስለሚመታ፣ ቆጣሪው የሚዘል ሳይሆን የሚንሳፈፍ ይመስላል። ከዚህም ሌላ በሮሌክስ መስተዋት ላይ ቀኑን የምታጎላው ጕብታ ቍጥሩን ሁለት እጥፍ ተኩል ታሳድጋለች ይባላል፤ የዚያኛው ጕብታ ግን ጌጥ እንጂ ዓይን አልነበረችም። ሁለተኛው ያመጡልን ሰዓት በገጹ ላይ ሦስት ትንንሽ ክበቦች ነበሩት፤ የሩጫ ጊዜ የሚለኩ ናቸው። ቍልፉን ብጫን ምንም የሚነሣ የለም፤ ቆጣሪዎቹ ለመልክ ብቻ የተተከሉ ሆነው፣ ለዘለዓለም ዜሮ ላይ ይኖራሉ። ሻጪቱ መመርመሬን አይታ አልተከፋችም፤ እንዲያውም በአክብሮት ሣቅ ብላ መሳቢያዋን ከፈተችና ሞላ ያለውን፣ ጀርባው በመስተዋት የተሸፈነውን አወጣች። ያን ባየሁ ጊዜ ዝም አልሁ። ጥርሶቹ የጠሩ፣ ብሎኖቹ በሰማያዊ የተቀቡ፣ አመታቱ በጆሮ ሲደመጥ የማይዛነፍ ነው። ይህን የሚያህል ሥራ የሠራ እጅ የራሱን ስም ለመጻፍ ምን አሳፈረው?

በዚያ ሱቅ የነበሩት ሰዓቶች ሁሉ ከሞላ ጎደል ዐሥር ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ላይ ቆመዋል። ይህ የዓለም ሰዓት ነጋዴዎች ሁሉ ልማድ ነው፤ ሁለቱ ቆጣሪዎች ግራና ቀኝ ሲዘረጉ በመካከላቸው የሠሪው ስም ሳይሸፈን ይታያል። የእኔ ሰዓት በአገሬ አቆጣጠር እንዳለ ስለ ነበር አነጻጸርሁት፤ ጓንዡ ዐሥር ሰዓት ከዐሥር ሲል የእኔው ዐሥራ አንድ ከዐሥር ይላል። በገጹ ላይ ሲያዩት በመካከላችን የአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ ያለ ይመስላል፤ እውነቱ ግን እነርሱ ረፋድ ላይ ሲሆኑ አዲስ አበባ ገና ሌሊት ናት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ኪዳን አልደረሰም። እነሆ እውነተኛ ሰዓትም ለማያውቀው ሰው ይዋሻል፤ ይህን ለወዳጄ ብነግረው በዋጋው ተጠምዶ ነበርና «እሺ፣ እሺ» ብሎ አለፈኝ።

ሰዓት ወደ ቻይና ቤተ መንግሥት የገባበት ታሪክ ራሱ ከማታለል የራቀ አይደለም። ኢጣሊያዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ማቴዎ ሪቺ በ1601 ቤይጂንግ ደርሶ ለዋንሊ ንጉሠ ነገሥት ካቀረበው ገጸ በረከት መካከል በራሳቸው የሚደውሉ ሁለት ሰዓቶች ነበሩ፤ ይህም የሆነው ከዚሁ ማኅበር የወጣውና በእኛ ታሪክ ስሙ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር የሚነሣው ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ ከመግባቱ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ትንሹን ሰዓት እጅግ ከመውደዱ የተነሣ ከአጠገቡ አያርቀውም ነበር። እናቱ ንግሥቲቱ የዚህን ድንቅ ወሬ ሰምታ ልየው ብላ በላከች ጊዜ፣ አይታ ትወድደውና ታስቀረዋለች ብሎ ስለ ፈራ፣ የደወሉ ሞላ እንዲፈታ አዘዘ፤ ሰዓቱም ዝም ብሎ ሄደ፣ እርሷም የማይጮኸውን ዕቃ ንቃ መለሰችለት። ይህን የጻፈው ሪቺ ራሱ ነው። በቻይና ምድር በሰዓት የተደረገው የመጀመሪያው ተንኮል እንግዲህ የነጋዴ ሳይሆን የንጉሥ፣ የተታለለችውም ወላጅ እናቱ ነበረች!

ቻይናውያንን ለመኰነን የሚቸኩል ሰው ደግሞ ዛሬ በዚህ ነገር አብዝተው የሚያዝኑትን የስዊስን ሰዎች የቀድሞ ሥራ ቢያስታውስ መልካም ነው። በዐሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት የሰዓት ክብር የነበረው በለንደን ስለ ሆነ፣ በጄኔቫ አካባቢ ብዙ ርካሽ ሰዓት እየተሠራ የእንግሊዛዊ የሚመስል ስምና «ለንደን» የሚል ቃል ይቀረጽበት ነበር። በዐሥራ ዘጠነኛውም ምዕተ ዓመት አሜሪካኖች በፋብሪካ ጥሩ ሰዓት ማምረት ሲጀምሩ፣ የእነርሱን ስም የሚያስመስሉ ሰዓቶች ከዚያው ከስዊስ ተራሮች ይወጡ ጀመር። በትውልዱ የኒውሻቴል፣ በሥራው የፓሪስ የሆነው ታላቁ ሰዓት ሠሪ አብርሃም ሉዊ ብሬጌ በስሙ የሚነግደው ስለ በዛበት፣ በ1795 ገደማ በሰዓቱ ገጽ ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጫረ፣ ብርሃን በጎን ካልመታው በቀር የማይነበብ የምሥጢር ፊርማ ማኖር ጀመረ። እርሱንም ብዙ ሳይቆይ ቀዱበት ይባላል። ይሁን እንጂ ስዊሶቹ በሐሰት ብቻ አልቀሩም፤ በ1876 ፊላዴልፊያ ላይ ወደ ተደረገው ታላቅ ትርኢት ሄዶ የአሜሪካንን ፋብሪካዎች መርምሮ የተመለሰው ዣክ ዳቪድ ለአገሩ ሰዎች ካልተማራችሁ ጠፋችሁ የሚል ዘገባ አቀረበላቸው፤ እነርሱም ተማሩ።

ሮሌክስም ቢሆን በአንድ ቀን ስም አላገኘም። በ1905 ለንደን ላይ ሥራውን የመሠረተው ጀርመን ተወላጁ ሐንስ ቪልስዶርፍ ስሙን ያስመዘገበው በ1908 ሲሆን፣ የእንግሊዝ ባለሱቆች በሚሸጡት ሰዓት ላይ የራሳቸውን ስም ማስጻፍ ይፈልጉ ስለ ነበር፣ የእርሱን በገጹ ላይ ለማስገባት ብዙ ዓመታት በትዕግሥት ታግሏል። በ1926 ውሃ የማያስገባውን ሰዓት አወጣ፤ በተከታዩ ዓመት የእንግሊዝን ሰርጥ ለመሻገር በምትዋኝ ሴት ላይ ሰዓቱን አኑሮ፣ ከውሃው ስትወጣ ሰዓቱ ሲሠራ መገኘቱን በጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ አስነገረ። በዣንሺ ጎዳና የሚሰረቀው ብረቱም መስተዋቱም አይደለም፤ ይህ ድካም ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ጥፋቱን በማን ላይ እንዳኖር ራሴን ብጠይቅ፣ ሻጪቱ ላይ ለማኖር ኅሊናዬ እንቢ አለኝ። በሌላው ማጭበርበር ሁሉ ሻጭ ገዢውን ያታልላል፤ በዚህኛው ግን ገዢና ሻጭ በእውነት ላይ ተስማምተው ይለያያሉ፤ እርሷ ሐሰት መሆኑን አልደበቀችም፣ እርሱም እውነት ነው ብሎ አልገዛም። የሚታለለው በገበያው ውስጥ ያልነበረው ሦስተኛው ሰው፣ «ከሩቅ የሚያየው» ነው። አባቶቻችን የጥላቸውን ርዝመት በጫማቸው እየለኩ ቀኑን በነግህ፣ በሠለስት፣ በቀትር፣ በተሰዓትና በሠርክ ሲከፍሉ፣ የፈለጉት የጸሎታቸውንና የጾማቸውን ጊዜ ማወቅ ነበር፤ ጥላውን አይቶ የሚያደንቃቸው ሰው አልነበረም። እኛ ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ከማናቸውም ሰዓት ይልቅ ሳይዛነፍ ጊዜውን እየነገረን፣ በእጃችን ላይ የምናስረው ከጊዜው ይልቅ ለውዳሴ ከንቱ ነው። እውነተኛውን ሮሌክስ ያሰረው ባለጸጋም ከዚህ ነጻ መሆኑን ለመመስከር አልደፍርም፤ የእርሱ ልዩነት ለከንቱነቱ ሙሉ ዋጋ መክፈሉ ነው።

ያሳዘነኝ ግን ያ በመስተዋት ጀርባ ያየሁት ሥራ ነው። ቻይናውያን የራሳቸው የሰዓት ታሪክ የሌላቸው ሕዝብ አይደሉም፤ በዐሥራ አንደኛው ምዕተ ዓመት ሱ ሶንግ የተባለው ሊቅ በካይፈንግ ከተማ በውሃ ኃይል የሚዞር፣ የሰማይን አካላት ከሰዓቱ ጋር የሚያሳይ ግንብ አቁሞ ነበር። በእኛም ዘመን በ1955 በቲያንጂን ጥቂት ሠራተኞች የመጀመሪያውን ቻይናዊ የእጅ ሰዓት ሠሩ፤ የሻንጋይ ፋብሪካም በ1958 ማምረት ጀመረ። 120 ዩዋን የሚያወጣውን የሻንጋይ ሰዓት ሠራተኛው የወራት ደመወዙን አጠራቅሞ ይገዛው ነበር፤ በዚያ ዘመን ሊያገባ ያሰበ ሰው ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ራዲዮና የእጅ ሰዓት ማቅረብ ይጠበቅበት ስለ ነበር፣ በዚያ ሰዓት ላይ የተጻፈው የአገሩ ስም ሙሽራውን የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አልነበረም። የቲያንጂኑ ፋብሪካ ደግሞ በ1961 ቬኑስ ከተባለው የስዊስ ድርጅት የአንድ ሰዓት ማምረቻ መሣሪያ በገንዘቡ ገዝቶ፣ ለአየር ኃይሉ አብራሪዎች የሩጫ ጊዜ የሚለካ ሰዓት ሠራበት፤ የዚያ ማሽን ዘር እስከ ዛሬ ሲገል በሚባለው ስም ይሸጣል።

ወዳጄ ከሻጪቱ ጋር በ280 ዩዋን ተስማምቶ ወደ እኔ ሲዞር፣ እኔ ከመደርደሪያው ጥግ ይህንኑ ሲገልን አንሥቼ ቍልፉን እጫን ነበር። የሩጫ ጊዜ ቆጣሪዎቹ ተነሡ፤ ደግሜ ብጫን ቆሙ፤ ሌላውን ቍልፍ ብጫን ወደ ዜሮ ተመለሱ። ዋጋው ከሐሰተኛው ሮሌክስ እጅግ የበለጠ ስለ ነበር ወዳጄ «ወንድሜ፣ ሮሌክሱን በዚህ ዋጋ ለሚዜዎቹም ጭምር ትገዛ ነበር እኮ!» ብሎ ተቆጣ። የእኅቴ ልጅም ሲቀበለኝ ፊቱ ጥቂት ጠቈር ብሎ ነበር፤ ጀርባውን አገላብጦ የጥርሶቹን አዟዟር ካየ በኋላ ግን፣ በየማለዳው መሙላት እንዳለበት ነግሬው፣ በሠርጉ ቀን አሰረው። ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ከጠየቁት በቀር ስለ ሰዓቱ የጠየቀው አልነበረም።

ወዳጄ ግን ለሱቁ የሚሆን የሮሌክስ ጥቅል ይዞ ተመለሰ፤ እዚያ በግልጽ ቅጂ ተብሎ የተሸጠው መርካቶ ሲደርስ «ኦሪጅናል» ይባላል፤ በዚህ ጊዜ የሚታለለው ከሩቅ የሚያየው ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ገንዘቡን ቈጥሮ የሰጠው ገዢ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ጓንዡ የምትመላለሱ ነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቅጂውን የምታመጡ ከሆነ ሻጪቱ ለእናንተ እንደ ነገረቻችሁ እናንተም ለደንበኛችሁ ቅጂ መሆኑን ንገሩት፤ ይልቁንም በዚያው ጎዳና፣ በዚያው መደርደሪያ ጥግ፣ በራሱ ስም የሚሸጥ ጥሩ ሰዓት አለና እርሱን አምጡልን።